ቀጭን ሾርባ ለማኅበር

ሾርባዬ ቀጭን ነው። ይሄን ከመጀመሪያው ልናገርና እንገላገል። ሳህን ላይ ብታፈሱት ይሮጣል፣ እንጀራ ላይ ብታፈሱት እንጀራውን አልፎ ትሪው ላይ ይተኛል። ወጥ አይደለም፣ ወጥ መሆንም አይፈልግም። ይኮመጥጣል፣ ያቃጥላል፣ አፍንጫ ይከፍታል። ደቡብ ሕንዶች ራሳም ይሉታል። እኔ አሜሪካ፣ ዩለስ ከተማ ባለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዬ፣ ሴት በሌለበት ኩሽና፣ በገዛ እጄ እሠራዋለሁ። ለሃያ ሁለት ሰው ሠርቼ ማኅበር አውጥቼበታለሁ። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትጽፈው የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። አገር ቤት ጫኝና አውራጅ ነበርኩ፤ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን የጆንያውን ክብደት ነበር የማውቀው። አሜሪካ ከመጣን በኋላ ደብዳቤ የምታነብልኝ ሚስቴ ነበረች። እሷ ጥላኝ ስትሄድ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ መከመር ጀመረ፣ እኔም እንደተከመረ ተውኩት፣ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ መብራት የለም። ለካ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀው ጽፈውልኛል። ጨለማው ውስጥ ቆሜ የተናደድኩት በመብራቱ አልነበረም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ስልኬ ላይ የሕፃናት ቪዲዮ ከፍቼ ሀ ሁ ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ የራሴን ፊደል፣ ቀጥሎ የእነሱን። አንድ ዓመት ከግማሽ ፈጀብኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

የምሠራው ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የካርጎ ዌርሃውስ ነው። እኔ ዕቃ ከሚያመላልሰው ቀበቶ ላይ ሳጥን አነሳለሁ፣ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ሳጥኑን ስካን ያደርጋሉ። ሽማግሌው ከደቡብ ሕንድ ናቸው። ሚስታቸው ሞታባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። አንክል እላቸዋለሁ፣ የአገራቸው ልጆች እንደዚያ ሲሏቸው ሰምቼ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እዚህ ግን በራሴ ቋንቋ ስለሆነ የምጽፈው አንቱ እላቸዋለሁ፣ ይገባቸዋል። የሁለታችን እንግሊዝኛ ቢደመር አንድ ሰው አይሞላም፣ ግን ተግባብተን ስምንት ዓመት ሠርተናል።

እዚህ አገር ክረምት ሲገባ ሴዳር የሚሉት ዛፍ ብናኙን ይለቅብናል። ቢጫ አቧራ ነው፣ መኪና ላይ ይተኛል፣ ሰው ውስጥ ይገባል። አንድ ዓመት ጉሮሮዬ ተዘግቶ፣ ዓይኔ አብጦ፣ ሳጥን ሳነሳ ውሃ በአፍንጫዬ ይወርድ ነበር። በእረፍት ሰዓት አንክል ፔርሙዛቸውን ከፈቱና ክዳኑ ላይ ቀድተው ሰጡኝ። ሻይ መስሎኝ ጨለጥኩት።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ምላሴን ኮመጠጠኝ። ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬው ጉሮሮዬን ያዘኝ። ከዚያ እንቅ ብሎ የነበረው አፍንጫዬ ብው ብሎ ተከፈተ። ኮምጣጣነቱ ግን ከሁሉ በላይ ገረመኝ፤ የማውቀው ነገር ነበር። ባደግኩበት ቆላ ከተማ ሁመር የሚባል ዛፍ አለ፤ ፍሬውን ዘፍዝፈን ትኩሳት ለያዘው ሰው እንሰጣለን። አንክልን ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው ፎቶውን አሳዩኝ። ራሱ ሁመሩ ነው። ሕንድ ድረስ ሄዶ ሾርባ ሆኖ ጠበቀኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሕንድ ሱቅ ገብቼ ዕቃውን ሁሉ ገዛሁ። አንክል የነገሩኝን በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ፤ ሳያነቡ የኖሩ ሰዎች ጭንቅላት እንደ ደብተር ይሠራል። ቤቴ ገብቼ ድስት ስጥድ ግን እጄ የነገሩኝን ትቶ የሚያውቀውን ሠራ። አራት ራስ ቀይ ሽንኩርት ከተፈ። ያለ ዘይት አቁላላ። ዘይትና በርበሬ ጨመረ። ከዚያ ቲማቲሙን፣ ከዚያ ሁመሩን፣ ከዚያ ቅመሙን። ከዚያ ደግሞ ዘይቱ ላዩ ላይ እስኪወጣ ድረስ፣ እንደ ደንቡ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አንተከተከው። ወፈረ፣ ቀላ፣ አማረ። ሰኞ በሳህን ይዤ ሄድኩና ለአንክል ሰጠኋቸው።

ቀመሱ። እንደገና ቀመሱ።

"ጥሩ ካሪ ነው ብራዘር" አሉኝ። "ራሳሙን ግን ገድለኸዋል።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ አፓርታማዬ ድረስ መጡ። ኩሽናዬን አዩ፣ ትንሿን ምድጃ አዩ፣ መክተፊያው ላይ ያስቀመጥኩትን ሽንኩርት አነሡና ወደ ከረጢቱ መለሱት፤ እሱ ዛሬ ኦፍ ነው አሉኝ። ሥራ ላይ የማያወሩትን ያህል ቤቴ ውስጥ አወሩ። ሚስታቸው ስትሠራ ሠላሳ አራት ዓመት በር ላይ ቆመው አይተዋል፣ አንድ ቀን አልነኩም። ከሞተች በኋላ ግን የበር ላይ ትምህርታቸውን በእጃቸው አወጡት። የኔ ትምህርትም እንደዚያው ነው፤ ቆሜ አየሁ።

ሎሚ የሚያህል ሁመር ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፉ፣ ቆይተው በእጃቸው ጨመቁት፣ ቃጫውንና ፍሬውን ጣሉ። ቲማቲሙን አልከተፉም፤ ድስቱ ውስጥ በእጃቸው አፈረጡት። ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት መወቀጥ አለባቸው፣ ግን ዱቄት መሆን የለባቸውም። ሙቀጫ የለኝም ስላቸው የማር ጠርሙሴን ገልብጠው በቂጡ ወቀጡ። ብሌንደር አለኝ ብላቸው እንደ ሰደብኳቸው አዩኝ። እርድ ጨመሩ፣ ጨው ጨመሩ። ሂንግ የሚሉት ጥሬው የሚገማ ዱቄት አለ፤ እሱን በጣታቸው ጫፍ ቆንጠር አድርገው ነሰነሱ። ሁመሩ ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው ጠበቁ። ከዚያ ቢጫ ክክ የተቀቀለበትን ውሃ አፈሰሱበት። ክኩን ራሱን አይደለም፣ ውሃውን ነው፤ ከክኩ ትንሽ ብቻ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ። እሳቱን ቀነሱና ድስቱ ላይ አጎንብሰው ቆሙ። እኔንም አጠገባቸው አቆሙኝ። ጠርዙን ተመልከት አሉኝ። ቆየና ድስቱ ዙሪያውን አረፋ አወጣ። አረፋው እየተሰበሰበ፣ ከጠርዙ ወደ መሃሉ እየመጣ፣ እንደ ሰፌድ ሊገጥም ሲል፣

"አሁን አጥፋ" አሉኝ።

አላጠፋሁም። ገና ምንም አልፈላም። እኛ ዘንድ ያልተንተከተከ ነገር ጥሬ ነው፣ ለእንግዳ አይቀርብም፣ ሆድ ይነፋል። እጄ የምድጃውን ማዞሪያ ይዞ እምቢ አለ። አንክል እጄን በማንኪያ መቱኝና ራሳቸው አጠፉት። ከፈላ መዓዛው ይሄዳል፣ የሚቀርህ ኮምጣጣ ውሃ ነው አሉ። በዕድሜዬ በማንኪያ የተመታሁት ያኔ ብቻ ነው፤ አልከፋኝም።

መጨረሻ ላይ በትንሽ መጥበሻ ዘይት አጋሉ። የሰናፍጭ ፍሬ ጣሉበት። እኛ ሰናፍጭ ፈጭተን በጥሬው ነው የምንበላው፤ እዚህ ፍሬው በዘይት ውስጥ እየፈነዳ ጣራ ይመታል። ሁለት ዛላ በርበሬ፣ አንድ እፍኝ የካሪ ቅጠል። ያንን እንደጋለ ድስቱ ውስጥ ሲደፉት ቸስ አለና ቤቱ በሙሉ ሸተተ። ድምቢላል ቅጠል ከላይ፣ ክዳን ከላይ፣ አለቀ። ሁሉም ነገር ከግማሽ ሰዓት ብዙም አልዘለለም።

እሳቸው እንደሄዱ፣ አፓርታማው ስለ ፓርኪንግ በላከልኝ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ ቅደም ተከተሉን ጻፍኩት። ፊደል ከመልመድ ውጭ፣ ከራሴ ጭንቅላት አውጥቼ የጻፍኩት የመጀመሪያ ነገር ነው። ዛሬም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። "አረፋው ሳይገጥም አጥፋ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልምጣ።

የጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ አንድ ቤት ያወጣል፤ የዚያ ወር ተረኛ እንግዳ ይቀበላል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፣ መጨረሻ ላይ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነችውን ጽዋ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል። እኔና ሚስቴ አብረን ነው የገባነው። እሷ እያለች ሁለት ጊዜ ተራ ደርሶን አውጥተናል። ከሄደች በኋላ ጽዋዋ በአፍንጫዬ ሥር ታልፋለች እንጂ እጄ ላይ አታርፍም። ሦስት ዓመት። በየወሩ በረዶ፣ ውሃና ለስላሳ ተሸክሜ እሄዳለሁ። ተራዬስ ስል የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ማኪኒ የምትኖር ነርስ ናት፣ ደብተሩ ላይ አለህ ጋሼ፣ ተጽፈሃል፣ ትንሽ ጠብቅ ትለኛለች። እጠብቃለሁ። የተጻፈ ነገር ለማያነብ ሰው ግድግዳ ነው፤ ጀርባው ምን እንዳለ አታይም፣ አለ ካሉህ አለ።

አንድ ቀን ጸሐፊዋ የተራውን ዝርዝር ፎቶ አንስታ ስልካችን ላይ ባለው የማኅበሩ ግሩፕ ለጠፈችው። እንደ ልማዴ የተጋጠሙ የሁለት እጅ ምልክት ልኬ ልዘጋው ነበር። ከዚያ ማንበብ እንደምችል ትዝ አለኝ።

አሥራ ሁለት ቤት ተጽፏል። ባልና ሚስት፣ ባልና ሚስት፣ አንዲት መበለት ከልጆቿ ጋር፣ ባልና ሚስት። እኔ የለሁም። ሁለተኛ ጊዜ ከላይ ጀመርኩ፤ ቀስ ብዬ ስለማነብ ዘልዬው ይሆናል ብዬ። የለሁም። ከአሥራ ሁለተኛው በታች መሥመር ተሰምሯል፤ ከመሥመሩ በታች "በረዶ፣ ውሃ፣ ለስላሳ" ይላል፣ አጠገቡ የኔ ስም።

ያ ወር ማኅበሩ ሳክሲ ከተማ ነበር፣ የማኅበሩ መሪ ቤት። መሪውን ሙሴ ነው የምንላቸው፣ ደንቡ ነው፤ ሰባውን ያለፉ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በረዶዬን ኩለሩ ውስጥ ገለበጥኩ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ። ጽዋዋ ልትተላለፍ ሲሉ ተነሣሁና ስልኬን አወጣሁ። ዝርዝሩን ከአንደኛው ቤት ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ረጅም ስም ሲሆን እቆማለሁ፣ እንደገና እይዘዋለሁ። አራተኛው ቤት ላይ የሚያወራው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አሥራ ሁለተኛውን ጨረስኩና ከመሥመሩ በታች ያለውንም አነበብኩ። በረዶ። ውሃ። ለስላሳ።

ሙሴው ራሳቸውን ቀና አደረጉ። "አንተ፣ ማንበብ ቻልክ እንዴ?"

"ቻልኩ" አልኳቸው። "የኔ ቤት ስንተኛ ነው?"

ጸሐፊዋ ናት የመለሰችው። "ጋሼ፣ ማለቴ፣ ላንተ ብለን እኮ ነው። ብቻህን ስትሬስ እንዳትሆን።"

ሌላውም ተቀባበለ። ቤትህ ጠባብ ነው። ፓርኪንግ የለህም፣ መኪናችንን ቶው አድርገው ይወስዱታል። ወንድ ብቻውን ማኅበር አውጥቶ አያውቅም። ሊሞ የሚነዳ አንድ ቀልደኛ አለ፣ ምን ልታበላን ነው፣ ኑድል? አለ፣ ተሳቀ። ጸሐፊዋ ደግሞ ልታስታርቅ ፈልጋ፣ ሶ፣ ኬተሪንግ ኦርደር ማድረግ ይቻላል፣ እኔ ኮል አደርግልሃለሁ አለች። እኔ በቤቴ የሚበላው በእጄ የተሠራ ነው አልኩ። እምቢ ካላችሁ ስሜን ከበረዶውም ሰርዙት።

ሙሴው ጺማቸውን አሻሹ። የታኅሣሥ ተረኛ አገር ቤት ሊሄድ ስለነበር የሱን ተራ ውሰድ አሉኝ። ካማረልህ በዝርዝሩ ትገባለህ፣ ካላማረልህ ግን ሁለተኛ አታንሣብን። ሰው ሁሉ ሰማ። በሁለት እጄ ጽዋዋን ተቀበልኩ። ወደ ዩለስ ስነዳ የሴፍቲ ቀበቶ አስሬላት በፊት ወንበር ነው የወሰድኳት።

ታኅሣሥ የጾም ወር ነው። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም። ራሳም ደግሞ በዘይት ከተሠራ የጾም ነው። ሌላ የሚያምርልኝ ወጥ የለኝም፣ አልዋሽም፤ ሽሮዬ ይጓጉላል። ስለዚህ ሩዝ፣ ጥቅል ጎመንና ራሳም ብዬ ወሰንኩ። ዳቦውንና እንጀራውን ገዛሁ።

የማኅበሩ ዕለት በማለዳ ተነሥቼ ሁለት ትልልቅ ድስት ጣድኩ። ሁመሩን ጨምቄያለሁ፣ ቲማቲሙን አፍርጫለሁ፣ አሁን ሙቀጫ ገዝቼ ቅመሙንም ወቅጫለሁ። ድስቱ ውስጥ አጎንብሼ ሳይ ታችኛው ክክ ይታየኛል። ውሃ። ሃያ ሁለት ሰው፣ አንዳንዱ ከማኪኒ አንድ ሰዓት ነድቶ መጥቶ፣ ውሃ። በኛ ቤት ለወጥ ቀጠነ ማለት ባለቤቱን መስደብ ነው። ያ የሊሞ ነጂ የሚለውን ከአሁኑ ሰማሁት። ሳላስበው ሽንኩርቱን ከታች አወጣሁ፣ ስምንት ራስ ከተፍኩ፣ በሌላ ድስት ማቁላላት ጀመርኩ። ትንሽ ላወፍረው ነው፣ ትንሽ ብቻ። ልክ ሊቀላ ሲል አንክል ጋ ደወልኩ። እሳቸው የእሑድ ሺፍት ገብተዋል፤ ከኋላቸው የቀበቶው ጩኸት ይሰማል። ቀጭን ነው፣ ሰው ይስቅብኛል አልኳቸው።

"ሽንኩርቱ እዚህ ድረስ ሸተተኝ" አሉኝ። "እሳቱን አጥፋ።" ዘጉት።

አጠፋሁ። ሽንኩርቱን በላስቲክ አድርጌ ፍሪዘር ከተትኩት፤ ሽንኩርት አልጥልም። ተመልሼ ራሳሙ ላይ ቆምኩና ጠርዙን ብቻ ማየት ጀመርኩ።

ከሁሉ ቀድማ የመጣችው ጸሐፊዋ ናት፣ በአልሙኒየም ትሪ ሁለት ወጥ ይዛ። ምስርና ድንች በካሮት። "ጋሼ፣ ጀስት ኢን ኬዝ ነው" አለችኝ። ትሪዎቹን ተቀበልኳትና ፍሪጅ ውስጥ ከትቼ የውሃ ጋሎን ከፊታቸው ደረደርኩ። ፍሪጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ጫማዋን አወለቀች።

ቤቴ ሞላ። አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬ ያቆማሉ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ያስነጥሳል፤ ሴዳሩ ያን ሰሞን ማንንም አልማረም። ሙሴው በተለይ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ መሐረብ ከእጃቸው አይለይም። ለጸሎት ቆሙ። እኔ ደግሞ የመጨረሻውን ዘይት ያጋልኩት ያኔ ነው፤ ከጸሎቱ ጋር እኩል ይደርሳል ብዬ። ለሁለት ድስት የሚሆን ዛላ በርበሬ በአንዴ ጣልኩበት። ሙሴው በስመ አብ ሲሉ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጣራው ላይ ጮኸ። ቤቱ በሙሉ በርበሬ በርበሬ ሸተተ፣ ሰው ሁሉ አሳለ። በረንዳውን ከፈትኩ፣ ብናኙ ገባ። መጥረጊያ አነሣሁና ማስጠንቀቂያውን በዱላው መታሁት። ዝም አለ። ከወልድ ይቀጥሉ አልኳቸው፤ ቀጠሉ።

ምግቡን አቀረብኩ። ሙሴው በማዕረጋቸው ቀድመው እንጀራ ዘረጉ። ጭልፋውን አነሡ። ሩዝ ላይ ነው ልላቸው ስንደረደር፣ ጨለፉና እንጀራቸው ላይ አፈሰሱት።

ሮጠ። በእንጀራው ዳር ተዘቅዝቆ፣ የወረቀት ሳህኑን ጠርዝ አልፎ፣ ነጭ ሱሪያቸው ላይ ወረደ። እርድ ያለበት ነገር ነው፣ ቢጫ።

ከዚያ የሊሞ ነጂው፣ "ያዙት፣ ወጡ አመለጠ!" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አፋቸውን በነጠላ የያዙም አሉ። ጸሐፊዋ አልሳቀችም፤ ፍሪጁን ነው ያየችው። እሱ ከሳቁ የባሰ ነበር። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። ይቅርታ የምለው ለሱሪው እንደሆነ፣ እነሱ የሚሰሙት ግን ለሾርባው እንደሆነ ገባኝ። ዘጋሁት።

"ወጥ አይደለም" አልኩ። "ወጥ የሚፈልግ ሰው የተሳሳተ ቤት ነው የመጣው። ይሄ በኩባያ ነው የሚጠጣው።"

የቡና ኩባያዎቹን አወጣሁ፣ የወረቀቶቹን። መጀመሪያ ለሙሴው ቀዳሁና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ኩባያውን ይዘው አዩኝ። አየኋቸው። ጠጡ።

እጠብቅ ነበር። ሲኮመጥጣቸው ፊታቸው ላይ ታየኝ። ቁንዶ በርበሬው ጉሮሯቸውን ሲይዘውም ታየኝ። አሳሉ፣ አንገታቸው ቀላ፣ ሚስታቸው ጀርባቸውን ልትመታ እጇን አነሣች። ከዚያ መሐረቡን አወጡና እንደ መለከት ተናፈጡ። ቀና ሲሉ በአፍንጫቸው ረጅም አየር ሳቡ፤ ኩባያውን ዘረጉልኝ።

"ጨምር" አሉ። የጠፋው ድምፃቸው ወጥቷል።

ጨምር ማለት ጣፈጠ ማለት አይደለም፤ አፍንጫቸው ተከፍቶ ነው። ለምን ይሁን ግድ የለኝም፣ ጨመርኩ። ከዚያ አንዱ ኩባያ አነሣ፣ ቀጥሎ ሌላው። ሦስት ሰዎች እስከ መጨረሻው አልነኩትም። አንዷ ስኳር አለህ ወይ አለችኝ፣ የለኝም አልኳት። የሊሞ ነጂው ሩዝ ላይ እያፈሰሰ ሦስት ሳህን በላ፣ ሳይቀልድ። ጸሐፊዋ አንድ ጊዜ ፉት ብላ ኩባያዋን ቴሌቪዥኑ ኋላ አስቀመጠችው፤ ሰው ከሄደ በኋላ እንደ ሞላ አገኘሁት። ከሁለቱ ድስት አንዱ አለቀ፣ ሌላው ግማሽ ቀረ። ያለውን ነው የምናገረው፣ ተአምር አልተሠራም።

ከዚያ ጽዋዋን አወጣሁ። የጥር ተረኛ ጸሐፊዋ ነበረች። ቀዩን ጨርቅ አስተካክዬ ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ለሚቀጥለው ያድርሰን አለች፣ አሜን አልን። ጨርቁን እያስተካከለች፣ ክፋት የለባትም፣ አፏ ስለለመደው ነው፣

"ጋሼ፣ በረዶና ውሃውን እንደተለመደው ይዘህልኝ ትመጣለህ አይደል?" አለችኝ።

ሙሴው ቆመው ጫማቸውን እያደረጉ ነው። ቢጫው ሱሪያቸው ላይ ደርቋል። ቀና አላሉም፣ ግን ማሰሪያውን ማሰር አቆሙ።

"አላመጣም" አልኳት።

"ውይ፣ ታዲያ በረዶውን ማን ያምጣ?"

"ማኪኒ ያለው ፍሪጅሽ ራሱ በረዶ ይሠራል። አይቼዋለሁ፣ ሁለት ዓይነት ነው የሚሠራው።"

የሊሞ ነጂው ሳቀ፤ በዚህኛው ሳቅ እኔ አልነበርኩበትም። እሷ ቀላች። ሙሴው ማሰሪያቸውን አሰሩና ተነሡ። ስለ ተራው ምንም አላሉም። በር ላይ ሲደርሱ ግን ከተረፈው በጠርሙስ አድርግልኝ አሉኝ። የማር ጠርሙሴን አጥቤ እስከ አንገቱ ሞላሁላቸው። ሲወዛወዝ ይታያል፣ ውሃ ነው የሚመስለው። በሁለት እጃቸው ይዘው ደረጃውን ወረዱ።

ጸሐፊዋ ትሪዎቿን ረስታ ሄደች። አራት ቀን በላኋቸው። ምስሩ ጥሩ ነበር፣ ወፍራም፣ አልዋሽም።

ሰኞ ቀበቶው ገና ሳይነሣ አንክል ወፈረ ወይስ ቀጠነ አሉኝ። ቀጠነ አልኳቸው። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ፣ በነሱ ዘንድ ጥሩ ማለት ነው። ስካነራቸውን አበሩ።

በሳምንቱ ግሩፑ ላይ አዲስ ዝርዝር ተለጠፈ። እረፍት ሰዓት ላይ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት፤ በሩን አልቆለፍኩም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አሥራ ሁለተኛው ላይ መሥመር የለም። አሥራ ሦስተኛው ቤት ዩለስ ይላል፣ አጠገቡ የኔ ስም፣ ብቻውን። በረዶ የሚል የትም የለም።

የሁለት እጁን ምልክት አልላክኩም። በገዛ ጣቴ ጻፍኩ፤ አየሁት፣ በተራዬ አወጣለሁ፣ ኩባያ ይዛችሁ ኑ። ቀጭን ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ቀጭን ነው።